ጋቢውን ግለጡልኝ

ጠፍቼ ነበር አውቃለሁ። ሶስት ሳምንት ናይት ላይ ነበርኩ፣ ቀን ተኝቶ ማታ መሮጥ ሆኗል ኑሮዬ። ዛሬ ኦፍ ነኝ፣ ልብስ አጥቤ ቡናዬን ጠጥቼ ቁጭ አልኩና ልጽፈው ልጽፈው እያልኩ እጄ እምቢ ሲለኝ የኖረ አንድ ነገር ልጽፍ ነው። በተለይ ድንገተኛ ክፍል ለምትሰሩና አዲስ ለተመረቃችሁ ነርሶች ነው፣ ግን ሰው ለማስታመም ሆስፒታል የምታድሩም አንብቡት፣ ታሪኩ ውስጥ እናንተም አላችሁበት።

ነገሩ የሰመመን ጉዳይ ነው። ኦአር (ቀዶ ጥገና ክፍል) ውስጥ አነስቴቲስቱ (የማደንዘዣ ባለሙያው) ራስጌ ቆሞ የሚሰጠውን ሙሉ ማደንዘዣ ተዉት፣ እሱ ባለቤት አለው። እኔ የምለው ድንገተኛ ክፍል መጋረጃ ተስቦ የሚሰጠውን ነው። የወለቀ ትከሻ ሲመለስ፣ የተሰበረ እጅ ሲስተካከል፣ የተቃጠለ ህጻን ቁስሉ ሲታጠብ፣ ትልቅ መግል ሲፈስ፣ "ሲስተር ትንሽ እንዲተኛ አድርጊልኝ" ይባልና ዲያዚፓም (ማረጋጊያ) ወይ ፔቲዲን (ጠንካራ የህመም ማስታገሻ) ወይ ኬታሚን (ማደንዘዣ) ይሰጣል። ይቺ "ትንሽ" የምትባል ቃል ናት ጉድ የምታደርገን። መድሃኒቱ አንዴ ከገባ በኋላ ሰውየው የት ድረስ እንደሚወርድ እኮ ሰጪው አያዝበትም።

የዛሬ አራት አመት ገደማ ነው፣ የትኛው ሆስፒታል እንደሆነ ይቅር። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ አንድ የባጃጅ ሹፌር መጣ፣ የሀያ አራት አመት ልጅ፣ ቀኝ ትከሻው ወልቆ ክንዱን በግራ እጁ እንደ ህጻን አቅፎ። እናቱ አብረውት አሉ፣ አንድ ጋቢ ለብሰው ሌላ ጋቢ ደግሞ ለሱ ይዘው። መጀመሪያ ሰፈር ያለ ወጌሻ ጋ ወስደውት ነበር፣ ወጌሻው አየት አድርጎ "ይሄን ሀኪም ቤት በማደንዘዣ ይመልሱት" ብሎ ላካቸው (እንዲህ የሚል ወጌሻ ወርቅ ነው በነገራችን ላይ፣ ስንቱ ሲያሽ አድሮ እጁ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው የሚልክልን)። ጂፒው (ጠቅላላ ሀኪሙ) ወጣት ነው፣ ጎበዝም ነው፣ ግን ከማታ ጀምሮ ቁጭ ብሎ አያውቅም።

ልጁን ጠየቅኩት። ምን በላህ፣ መቼ በላህ፣ የማይስማማህ መድሃኒት አለ፣ የምትወስደው ነገር አለ፣ ጠጥተሃል? "ኧረ አልጠጣሁም" አለኝ እናቱን እያየ። እናቱን እያየ! እኔም ቻርቱ ላይ አልኮል የለም ብዬ ጻፍኩ። እስካሁን የሚያንገበግበኝ እሱ ነው፣ ምክንያቱም አይኑ ወዴት እንደሄደ አይቻለሁ። እናቱ ራስጌው ቆመው እንዴት ነው አዎ ጠጥቻለሁ የሚለኝ?

ፔቲዲን 50 ሚሊግራም በአይቪ (በደም ስር) ሰጠሁት፣ ቀጥሎ ዲያዚፓም 5። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ዶክተሩ ክንዱን ሲይዘው ልጁ ጮኸ። "አልተኛም፣ ድገሚለት" አለኝ። ደገምኩ፣ ሌላ 5። አሁንም ሲስበው ጮኸ ግን ጩኸቱ ወፈረ፣ ተጎተተ። ከዛ አንሶላ ብብቱ ስር አዙረን አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ ሲስብ ቋ! ብሎ ገባ። ትከሻ ሲገባ ያለውን ነገር ያያችሁ ታውቁታላችሁ፣ ሁላችንም ባንዴ እፎይ ነው ያልነው።

ዶክተሩ ጓንቱን አውልቆ ሄደ። አንሶላ ሲስብልን የነበረው ልጅም ሄደ። በዛው ቅጽበት የመኪና አደጋ፣ ሶስት ሰው ይዘው ገቡ፣ "ሲስተር ላይን! ላይን!" እያሉ ይጣራሉ፣ የደም ስር መርፌ ክፈቺ ማለታቸው ነው። የባጃጁን ልጅ ዞሬ አየሁት፣ ሳቹሬሽን (ደሙ ውስጥ ያለው ኦክስጅን በመቶኛ) 95 ይላል፣ ተኝቷል። ሁለት ደቂቃ ብዬ ሄድኩ።

ስንት ደቂቃ እንደቆየሁ እውነቱን ልንገራችሁ አላውቅም። ቻርቱ ላይ ሰባት ይላል፣ ግን ቻርቱን የጻፍኩት በኋላ ነው።

ስመለስ እናቱ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል፣ ፊታቸው በርቷል። "ተመስገን፣ እንቅልፍ ወሰደልኝ፣ እንዴት እንዳንኮራፋ ብታይ ልጄ፣ ድካም እኮ ነው" አሉኝ። ልጁ ከአናቱ እስከ እግሩ ጋቢ ለብሷል። ብርድ እንዳይመታው፣ መብራቱም አይኑን እንዳይወጋው ብለው ፊቱን ጭምር ሸፍነውታል። ጣቱ ላይ የነበረው የሳቹሬሽን መለኪያ ክሊፕ ጋቢውን ሲያለብሱት ወልቆ አልጋው ጠርዝ ላይ ተንጠልጥሏል። ሞኒተሩ አይጮህም ወይ እንዳትሉኝ፣ አላርሙ ከማታ ጀምሮ ጠፍቷል፣ ማን እንዳጠፋው አይታወቅም፣ ሁላችንም እናጠፋዋለን፣ ጆሮ በጠሰ እያልን።

"አሁንማ ማንኮራፋቱንም ተወ" አሉኝ እናቱ። ደስ ብሏቸው ነው ያሉት።

ጋቢውን ገለጥኩት። ከንፈሩ አመድ መስሏል። ደረቱን አየሁ፣ ዝም። ክሊፑን ጣቱ ላይ ስመልሰው 68። መንጋጋውን ከሁለት በኩል ይዤ ወደፊት ስገፋው አንድ ትንፋሽ ሲጥጥ ብሎ ገባ። "አምቡ ባግ!" ብዬ ጮህኩ፣ በእጅ እየተጨመቀ አየር የሚሰጠውን። አምቡ ባጉ የት ነው? የመኪና አደጋው ጋ። ሌላኛውስ? ሌላኛው ላይ የተሰካው የህጻን ማስክ ነው። የትልቅ ሰው ማስክ ተፈልጎ እስኪመጣ በአንድ እጄ መንጋጋውን እንደያዝኩ በሌላው እጄ አንጓ ደረቱን እያሸሁ በስሙ እየጠራሁ "ተንፍስ! ተንፍስ!" እላለሁ፣ ሲባል ይተነፍሳል፣ ካልተባለ ይረሳል። እንደ ፔቲዲን ያሉት መድሃኒቶች የሚያደርጉት ይሄንኑ ነው፣ መተንፈስን ያስረሳሉ። እናቱ ኋላዬ ቆመው ምን እንደሚሉ ሰምቼዋለሁ፣ አልጽፈውም።

ማስኩ መጣ፣ ኦክስጅን ተሰካ፣ አንዳችን ማስኩን በሁለት እጅ ያዝን አንዳችን ጨመቅን፣ በየስድስት ሰከንዱ አንድ። 74፣ 82፣ 91፣ 97። የፔቲዲን ማርከሻው ናሎክሶን ያን ሌሊት ፋርማሲ ውስጥ አልነበረም። ሀያ ደቂቃ በእጃችን አስተነፈስነው፣ ከዛ ራሱ ጀመረ፣ ከዛ አይኑን ገለጠ፣ መጀመሪያ ያለው ነገር "ባጃጄ የት ነው?" ነው። እናቱ ውሃ ሊያመጡ ሲወጡ ጠጋ በይ አለኝና በሹክሹክታ፣ "ሲስተር አምስት ድራፍት ጠጥቼ ነበር፣ ለእማዬ እንዳትነግሪብኝ።"

እንግዲህ ይሄ ነው ታሪኩ። ከዛ ቀን ጀምሮ ብዙ ጊዜ እያመላለስኩ አስቤዋለሁ፣ ዶዙ ነው? ድራፍቱ ነው? እኔ ነኝ? ሁሉም አለበት። ግን ዋናው ነገር ልጁ ትንፋሽ ያጠረው ትከሻው ሲጎተት ሳይሆን ትከሻው ከገባ በኋላ ነው፣ እኛ ስራው አለቀ ብለን በተበተንንበት ሰዓት። ህመም እኮ ራሱ ቀስቃሽ ነው፣ ሰውየውን እየጎተትክ እያሳመምከው ሳለ መድሃኒቱ ወደ ታች ሲጎትተው ህመሙ ወደ ላይ ይይዘዋል፣ ገመድ ጉተታ በሉት። አጥንቱ ቦታው ሲገባ ህመሙ ገመዱን ይለቃል፣ መድሃኒቱ ግን ይዞ ይቀጥላል። ያኔ ነው ሰውየው ዝቅ የሚለው። ከዛ በላይ ደግሞ ሁለተኛው ዲያዚፓም የመጀመሪያው ጉልበቱን ሳያሳይ ነው የተጨመረው፣ አልተኛም ብለን የደገምንለት ሰው ለካ ገና እየመጣ ነበር። አሁን ከአንድ ዶዝ እስከ ቀጣዩ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ እጠብቃለሁ፣ ግድግዳ ላይ ያለውን ሰዓት እያየሁ፣ ዶክተሩ ቢቆጣም እያየሁ። ሁለት አይነት መድሃኒት ሲደረብ ደግሞ አንድና አንድ ሁለት አይሆንም፣ ፔቲዲንና ዲያዚፓም ሲገናኙ ትንፋሽ ላይ የሚጭኑት ለየብቻ ከሚጭኑት ይበልጣል፣ አልኮል ሲጨመርበትማ አትጠይቁኝ።

ሌላው ያታለለኝ 95 ነው። ሳቹሬሽን የሚነግራችሁ ደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን እንጂ ሰውየው እየተነፈሰ መሆኑን አይደለም። ትንፋሹ ካቆመ በኋላም ደሙ ውስጥ የቀረውን እየተጠቀመ ቁጥሩ ለትንሽ ጊዜ ደህና ይመስላል፣ አፍንጫው ላይ ኦክስጅን ካለ ደግሞ ጭራሽ ይቆያል፣ ስለዚህ ቁጥሩ እስኪወርድ የጠበቀ ነርስ ዘግይቷል። 90 ላይ ስትደርሱ ደግሞ አፋፉ ጫፍ ናችሁ፣ ከ98 ወደ 92 ቀስ ብሎ የወረደው ከ90 በታች ሲሆን ይከሰከሳል። ከትንፋሽ የሚወጣውን ካርቦንዳይኦክሳይድ የሚያሳየው ካፕኖግራፊ ቢኖረን ትንፋሹ በቆመ በሰከንዶች ውስጥ መስመሩ ጠፍጣፋ ይሆንና ያሳብቅ ነበር፣ እኛ ጋ ግን እሱ ኦአር ነው ያለው፣ ድንገተኛ ክፍል የለም። እኔ ያለኝ አይኔና መዳፌ ነው። መዳፌን ደረቱ ላይ አደርጋለሁ፣ በደቂቃ ስንት እንደሆነ ሙሉ ደቂቃ እቆጥራለሁ፣ ከ10 በታች ሲሆን ቁጭ አልልም። ማንኮራፋት ከሰማሁ ደግሞ "እንቅልፍ ወሰደው" አልልም፣ ምላሱ ወደ ኋላ ወድቆ የአየር መንገዱን (ትንፋሽ የሚያልፍበትን) እየዘጋው ነው ማለት ነው፣ አገጩን ቀና አደርገዋለሁ። ማንኮራፋቱ ቢቆም ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል፣ ወይ ተስተካክሏል ወይ ጨርሶ ተዘግቷል፣ ሁለቱም ጸጥ ይላሉ። ጋቢው የተገለጠ ከሆነ ብቻ ነው የምትለዩት።

ክሊፑ ራሱ ያምታታል ደግሞ። ሙሽራ መጥታ ጣቷ በጥቁር ሂና ተነክሮ ሳቹሬሽን 84 እያለ አንድ ክፍል ሰው ያስደነገጠበት ቀን አለ፣ ልጅቷ ቁጭ ብላ ታወራለች። ጆሮዋ ላይ ስናደርገው 98። የቀዘቀዘ ጣትም እንደዛው ነው፣ የደም ግፊት ካፉም ክሊፑ ባለበት ክንድ ላይ ሲነፋ ቁጥሩ ይጠፋል። መጀመሪያ ሰውየውን አይቶ ከዛ ማሽኑን መጠርጠር ነው፣ ሰውየው ጥሩ ካልመሰላችሁ ግን ማሽኑን ለመጠርጠር ጊዜ አትስጡ።

ስለ ጥልቀቱ ትንሽ ልበል። የአሜሪካ አነስቴዚዮሎጂስቶች ማህበር በፈረንጆች 1999 ያወጣው አከፋፈል አለ፣ አራት ደረጃ ነው፣ ቀለል ካለ መረጋጋት ጀምሮ እስከ ሙሉ ማደንዘዣ። ትምህርት ቤት እንደ ደረጃ ስለሳሉልን ሰው እዛው ደረጃ ላይ ቆሞ የሚጠብቀን ይመስለናል። አይቆምም፣ ዳገት ላይ እንደተቀመጠ ኳስ ነው። አልጋው አጠገብ ሲሆን የምጠቀመው ቀላል ነው፣ በስሙ እጠራዋለሁ። "እሺ" ካለ ወይ እጄን ጨብጠኝ ስለው ከጨበጠ መካከለኛው፣ ሁለተኛው ደረጃ ላይ ነው፣ የፈለግነው እሱን ነው። ስጠራው ዝም ብሎ ስቆነጥጠው ብቻ እጄን የሚገፋ ከሆነ ጥልቁ፣ ሶስተኛው ውስጥ ገብቷል፣ ያኔ የአየር መንገድ መያዝ የሚችል ሰው ራስጌው መኖር አለበት፣ ከሌለ መድሃኒት መጨመር የሚባል ነገር የለም። ስቆነጥጠው እጁን ወደራሱ ሰብሰብ ቢያደርግ እንደ መልስ አልቆጥረውም፣ እሱን ገላው ነው የሚያደርገው።

አሁን ወደ ጾሙ። ይሄን ሳልጽፍ አላልፍም፣ ሆዱ ሙሉ የሆነ ሰው ደንዝዞ ካስመለሰው ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላልና። መመሪያው ለታቀደ ስራ ጥርት ላለ ፈሳሽ 2 ሰዓት፣ ለእናት ጡት ወተት 4፣ ለቀላል ምግብ 6፣ ስጋና ቅባት ለበዛበት 8 እና ከዛ በላይ ይላል። እሺ፣ እኛ ጋ ታካሚውን "ጾመሃል?" ብላችሁ ጠይቁት። "አዎ ሲስተር፣ ጾም ላይ ነኝ።" ሁዳዴ ነዋ! ስጋና ወተት አልበላሁም ማለቱ ነው፣ ሰባት ሰዓት ላይ ሽሮ በልቷል፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፓስቲ። የጠየቅነው ሌላ የመለሰው ሌላ፣ ቻርቱ ላይ ግን ኤንፒኦ (በአፉ ምንም አልወሰደም) ተብሎ ተጽፏል። ረመዳን የያዘ ሰው ከሰዓት ቢመጣ በተቃራኒው እውነትም ባዶ ሆዱን ነው፣ ግን ሱሁር ስንት ሰዓት እንደበላ ይጠየቃል፣ ውሃም ስላልጠጣ ግፊቱ ሊወርድ ይችላል። አጥሚት ደግሞ አለላችሁ፣ አስታማሚዎች በፔርሙዝ ያመጡና "ፈሳሽ እኮ ነው" ይላሉ። አጥሚት ምግብ ነው። ወተት ያለበት ቡናም ጥርት ያለ ፈሳሽ አይደለም። ስለዚህ እኔ ጾም የሚለውን ቃል ጨርሶ ትቼዋለሁ። "መጨረሻ በአፍህ የገባው ነገር ምንድን ነው፣ ስንት ሰዓት ላይ? ውሃ? ቡና? ጸበል? ጫት?" እያልኩ አንድ በአንድ ነው። አልኮሉን ደግሞ ብቻውን ሲሆን፣ እናትየውን ካርድ እንዲያወጡ ልኬ፣ ሚስትየውን ደጅ አውጥቼ። "እዚህ ፖሊስ የለም፣ የምጠይቅህ ትንፋሽህን ለመጠበቅ ነው" ስለው አብዛኛው ይናገራል።

በእርግጥ ድንገተኛ ክፍል ሁሌ ስድስት ሰዓት አይጠበቅም፣ ትከሻ በቆየ ቁጥር መመለሱ ይከብዳል፣ እጁ ደም እያጣ ከሆነማ አይታሰብም። ግን ሆዱ ሙሉ ነው ከተባለ አማራጭ እንጠይቅ፣ የወለቀ ትከሻ እኮ መገጣጠሚያው ውስጥ ሊዶካይን ተወግቶም ይመለሳል። ያን ሌሊት ይሄን ያነሳ ሰው አልነበረም፣ እኔም አላነሳሁም።

ኬታሚን የራሱ ጽሁፍ ያስፈልገዋል ግን ትንሽ። በፈረንጆች 1962 የተሰራ፣ በ1970 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደ ያረጀ መድሃኒት ነው፣ እኛ ግን ያለሱ ምን እንደምንሰራ አላውቅም፣ ትንፋሽና ግፊት ስለሚጠብቅ መብራት በሌለበት ቦታ ሁሉ የሚሰራ ነው። ደህና ነው ሲባል ግን እጃችን ይፈጥናል። በአይቪ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ከተገፋ ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል። ብልቃጡ ደግሞ በአንድ ሚሊ 50 ሚሊግራም ነው፣ አስር ሚሊው ውስጥ 500 አለ ማለት ነው፣ 12 ኪሎ ህጻን በኪሎ 1 ሚሊግራም ቢታዘዝለት ሳይበረዝ 0.24 ሚሊ ነው፣ በድካም አይን በአስር ሚሊ ሲሪንጅ ማን ይለካዋል? እኔ 1 ሚሊ ስቤ 4 ሚሊ ኖርማል ሳላይን ጨምሬበት በሚሊ 10 አደርገዋለሁ፣ ያኔ 1.2 ሚሊ ነው። ፕላስተር ቆርጬ በእስክሪብቶ "ኬታሚን 10" ብዬ ሲሪንጁ ላይ እለጥፋለሁ። ስም የሌለው ሲሪንጅ ትሪ ላይ ካየሁ የማንም ይሁን እደፋዋለሁ፣ በዚህ ተጣልቻለሁ፣ ወደፊትም እጣላለሁ። ህጻኑንም እመዝነዋለሁ፣ እናቱ የነገረችኝ ኪሎ ክትባት ጊዜ የተጻፈው ነው ብዙ ጊዜ።

እናቶቹን ደግሞ አስቀድማችሁ ንገሯቸው እባካችሁ። ኬታሚን የወሰደ ህጻን አይኑ አይከደንም፣ ክፍት ሆኖ ግራ ቀኝ ይዋልላል፣ ምራቁ ይዝረከረካል። ካልተነገራት እናት ሞተብኝ ወይ ተለከፈብኝ ብላ ነው የምትጮኸው፣ ባትጮህ ነው የሚገርመው። ሲነቃም አንዳንዱ፣ በተለይ ትልልቁ ሰው፣ ይቃዣል ይለፈልፋል፣ አንድ ጎልማሳ ሰውዬ እንደነቃ የጎረቤቱን የመሬት ክስ ከነምስክሩ ሲተነትንልን አምሽቷል፣ ወንድሙ እያማተበ። ጸጥ ያለ ጥግ፣ መብራት ቀነስ፣ በየደቂቃው አለመነካካት። ህጻኑ ሲተነፍስ ቀጭን የፉጨት ድምጽ ካመጣ ወይ ደረቱ እየተሳበ አየር ካልገባ ግን ጉሮሮው ተጨብጧል፣ ሁሉም እጁን ከህጻኑ ላይ ያንሳ፣ አፉ ተጠርጎ መንጋጋ ወደፊት፣ ማስኩ ጥብቅ ብሎ በኦክስጅን በቀስታ መጨመቅ፣ እርዳታ መጥራት።

አሁን ለራሴ ያወጣሁት ህግ አንድ ነው፣ ሰመመን የተሰጠውን ሰው የምታየው ነርስ ሌላ ስራ የላትም። ክንድ አትይዝም፣ ጎዝ አታቀብልም፣ ላይን አትከፍትም። በስራው ሰዓት በየአምስት ደቂቃው ግፊት፣ የልብ ምት፣ ትንፋሽ፣ ሳቹሬሽን ትጽፋለች፣ በኋላም እስኪነቃ እዛው ናት። ወረቀት ላይ ይሄ አዲስ ነገር አይደለም፣ ሁላችንም ተምረነዋል። ግን ሁለት ነርስ ለሀያ ምናምን ታካሚ በሆነበት ሌሊት ይሄን መናገር ጸብ ነው። "ሲስተር ሁለት ደቂቃ እኮ ነው የሚፈጀው!" ይላሉ። ትከሻው ሁለት ደቂቃ ይፈጃል ዶክተር፣ ልጁ ግን አንድ ሰዓት ይፈጃል፣ ያንን አንድ ሰዓት ማን እንደሚቀመጥ ንገረኝና መድሃኒቱን ልሳብ፣ እላለሁ። በትህትና ነው የምለው፣ ግን እላለሁ። ሰው ከሌለ ሰው እስኪገኝ ይቆይ፣ ካልሆነ አነስቴቲስት ይጠራ። መጀመሪያ ላይ አስቸጋሪ ሲስተር ተብዬ ነበር፣ አሁን ለምደውኛል መሰለኝ።

እና መድሃኒቱን ከመሳቤ በፊት በእጄ ነክቼ አያለሁ። አምቡ ባጉ እዚሁ አልጋ ላይ፣ ለዚህ ሰው ፊት የሚሆን ማስክ ጋር፣ መዳፌ ላይ ጨምቄ። ሳክሽኑ (ምራቅና ትውከት መሳቢያው) ተከፍቶ ድምጹን ሰምቼ፣ ቱቦው ጫፍ ላይ ጣቴን አድርጌ ሲስብ። የኦክስጅን ሲሊንደሩ ጌጁ ስንት ላይ እንዳለ፣ መክፈቻ ቁልፉም እዚሁ፣ ምክንያቱም ኮንሰንትሬተር (ኦክስጅን ከአየር የሚያጣራው ማሽን) መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል፣ መብራት ደግሞ የሚሄድበትን ሰዓት ይመርጣል። አንዴ ህጻን ቁስል እያጠብን መብራት ጠፍቶ በስልክ ባትሪ ጨርሰናል፣ አንዷ መብራቱን ቁስሉ ላይ ስታደርግ እኔ የኔን ስልክ ደረቱ ላይ ነበር ያደረግኩት። አላርሙም ይበራል፣ ያጠፋው ሰው ጸቡ ከኔ ጋ ነው።

ናሎክሶን አሁን አለን፣ ግን እሱም ሰው ያዘናጋል። ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ብቻ ነው የሚሰራው፣ ፔቲዲኑ ከዛ ይቆያል፣ የነቃው ሰው ተመልሶ ሊተኛ ይችላል። ከሰጠሁ ቢያንስ ሁለት ሰዓት አይኔን አላነሳም። ዲያዚፓሙን ደግሞ ናሎክሶን አይነካውም፣ የሱ ማርከሻ ሌላ ነው። ማስኩ ግን ሁሉንም ይነካል፣ ከማርከሻው በፊት አየር።

አስታማሚዎችን ከማባረር ማስተማር ይቀላል፣ ይሄን ከእኚያ እናት ነው የተማርኩት። በክፉ አላደረጉትም፣ ማንም ያልነገራቸውን ነው ያላወቁት፣ ልጃቸውን ከብርድ ነው የጠበቁት። አሁን እንዲህ እላለሁ፣ "እናቴ፣ ጋቢውን እዚህ ድረስ ብቻ" እልና እምብርቱ ላይ አሳያለሁ፣ "ከዚህ በላይ አይሸፍኑልኝ፣ ደረቱን አይተው ከፍ ዝቅ ማለቱን ካላዩ ጮክ ብለው ይጥሩኝ፣ ቢያንኮራፋም ይጥሩኝ፣ እንቅልፍ ነው ብለው አይዝለሉኝ።" በረደው ካሉ እግሩ ላይ እንደርብለታለን። ይሄ የኔን አይን አይተካም፣ ልብ በሉ፣ ጭማሪ አይን ነው።

ለመልቀቅም "ነቃ እኮ" አይበቃም። የአልድሬትን ነጥብ እጠቀማለሁ፣ በፈረንጆች 1970 የወጣ ነው፣ ሳቹሬሽን የገባበት በ1995 ሲሻሻል ነው፣ እጅ እግሩን ማንቀሳቀሱ፣ ትንፋሹ፣ ግፊቱ፣ መንቃቱ፣ ሳቹሬሽኑ፣ እያንዳንዱ ከ2፣ ድምሩ ከ10። 9 ካልሞላ ከማገገሚያው አይነሳም። ከዛም በኋላ ቁጭ ብሎ ውሃ ጠጥቶ ሳያስመልሰው፣ ደግፈውት ጥቂት እርምጃ ሄዶ፣ የሚወስደው ሰው ኖሮ ነው። ዲያዚፓም ከሰውነት ለመውጣት ቀናት ይፈጅበታል፣ ስለዚህ ቢያንስ 24 ሰዓት መኪና የለም፣ መጠጥ የለም፣ ውል መፈረም የለም።

የባጃጁን ልጅ እስኪነጋ አቆየሁት። አንድ ሰዓት ላይ ትከሻው በስሊንግ ታስሮ ተነሳ፣ አስር ከአስር፣ ፊቱን ታጥቧል፣ ባጃጁ ለካ በር ላይ ነው ያለችው፣ በአንድ እጁ ይዟት መጥቶ። "ሲስተር ደህና ነኝ እኮ፣ ሰፈሬ ቅርብ ነው፣ ቀስ ብዬ ነው የምነዳው" አለኝ። እጄን ዘረጋሁ። አየኝ፣ እናቱን አየ፣ እኔን ደግሞ አየ፣ ድራፍቱን እንዳልናገርበት ፈራ መሰለኝ ከኪሱ አውጥቶ ሰጠኝ። ለእናቱ አቀበልኳቸው። ምንም አልጠየቁኝም፣ ቁልፉን ነጠላቸው ጫፍ ላይ አድርገው ሁለቴ ቋጠሩትና ጋቢውን አጥፈው ብብታቸው ስር ያዙት።